አባቴ ከአዳራሹ የወጡበት እሑድ

ዝና ልጅን ያበላሻል ይባላል። ውሸት ነው። ዝና ደካማ ነገር ነው፤ አንድ ክረምት ያጥበዋል። ልጅን የሚያበላሸው ሲያየው የኖረው ሕዝብ ነው፤ እሱን ደግሞ የሚያጥበው ዝናብ የለም።

ይህን የምለው ቀይ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው። ሽታው አፍንጫዬ ሲገባ ዛሬም የቴሌቪዥን አዘጋጁ እጅ ትከሻዬ ላይ ያረፈ ይመስለኛል። ቀረጻ ሊጀመር ሲል የተሰነጠቀ ሽንኩርት ከዓይኔ ሥር ያሽልኝ ነበር። ከዚያ ፊት የሚጠብሰው መብራት ይበራል፤ እኔም በአፍንጫዬ ስቤ ስቤ፣ መጨረሻውን እንደ ግልገል እያንቀጠቀጥኩ አለቅሳለሁ። ጥበቡ ይኸው ነበር። በየእሑዱ በሚታየው የቤተሰብ ኮሜዲ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ነበርኩ፤ የተከለከልኩትን ሁሉ አልቅሼ የማስፈቅድ። በዚህም አገር ምድሩ በሳቅ ይንከተከት ነበር። ካደግሁ በኋላ ስለ ሳቅ ምንነት የተጻፉ ወፋፍራም መጻሕፍት አነበብኩ። ሽንኩርቱን ያነሳ የለም።

ከመካነ ሰላም አዲስ አበባ የወሰደኝ አጎቴ ነው፤ ለትምህርት ብሎ። እሱ በዚያው ኮሜዲ ውስጥ የዘበኛ ሚና ነበረው፤ በር ይከፍታል፣ በር ይዘጋል። ስለዚሁ በር ግን አንድ ሰዓት ሙሉ ማውራት ይችል ነበር። እናቴን በሕፃንነቴ ስላጣሁ አገር ቤት የቀሩት አባቴ ብቻ ነበሩ። ድጓ ያስተምሩ ነበር። የመካነ ሰላም ሰው እኔን የሚያየኝ በቀበሌው አዳራሽ ነበር፤ ጄኔሬተሩ ከውጭ እያጓራ፣ ሰዉ ከውስጥ እያጓራ።

አንድ እሑድ አባቴን ጎትተው አዳራሹ ወሰዷቸው። እኔ ማልቀስ ስጀምር ተነስተው ወጡ። ወሬው አዲስ አበባ ድረስ ደረሰኝ፤ የአገሬ ሰው ወሬ ለማድረስ መኪና አይጠብቅም። “መሪጌታ በልጃቸው አፍረው ወጡ” ተባለ። ለእረፍት አገር ቤት ስሄድ እውነት መሆኑን ልጠይቃቸው አስብና ስለ ትምህርቴ አውርቼ እመለሳለሁ። እሳቸውም አላነሱልኝም። ከዚያ በኋላ መብራቱ በበራ ቁጥር ከካሜራው ጀርባ ያፈሩብኝ አባቴ ቆመው ይታዩኝ ነበር።

ከዚያ ድምፄ ጎረነነ። የጎረነነ ሰው በአፍንጫው ቢያለቅስ አያስቅም። የኮሜዲው ደራሲ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጎጃም ለትምህርት ላከኝ፤ እስከ ዛሬ አልተመለስኩም። ከዚያ ሁሉ ቤተሰብ “ያ ልጅ የት ደረሰ?” ያለ አንድም ሰው የለም። በሳምንቱ የጎረቤት ልጅ ብለው ሌላ ልጅ አስገቡ። ሽንኩርቱ ያው ነበር።

በዚያው ክረምት አባቴ አረፉ። ከደሴ በአቀስታ በኩል ስጓዝ የአውቶቡሱ ረዳት ለየኝና “እስቲ አንዴ አልቅስልንና በነፃ ሂድ” አለኝ። ሒሳቤን ከፈልኩ።

የለቅሶው ድንኳን ዝናብ የጠጣ ሸራና ትኩስ ንፍሮ ይሸት ነበር። የአባቴ መቋሚያ ምሰሶው ላይ ተደግፋ ሳያት ለቅሶው አመለጠኝ። ሌላ ለቅሶ ግን አልነበረኝም። ያለኝ ያ ያስተማሩኝ ብቻ ነበር፤ በአፍንጫ የሚሳበው፣ መጨረሻው የሚንቀጠቀጠው።

መጀመሪያ አንዲት ልጃገረድ ፈነዳች። ቀጥሎ የአንድ ሽማግሌ ትከሻ ከጋቢው ሥር ይርገፈገፍ ጀመር። “ወላሂ፣ ቁርጥ የቴሌቪዥኑ!” አለ አንዱ ጎረቤታችን። በአባቴ ለቅሶ ድንኳኑ ሙሉ ሳቀ። ከንፈሬን ነክሼ ዋጥኩት።

ያኔ ከወግዲ የመጣች አንዲት ሸምገል ያለች አልቃሽ ተነሳች። ነጠላዋን ራሴ ላይ ጣል አደረገችና ወደ ደረቷ ሳበችኝ።

“አልቅስ የኔ ጌታ፣ አብሽር። ምን አባታቸው ያስገለፍጣቸዋል?”

ከዚያ ድምፅዋን ከሳቁ በላይ አወጣችው፦

አገሩ ሳቀበት ልጅህ ቢታይ አልቅሶ፣
አንተ ብቻ ወጣህ አንጀትህ ተላውሶ።

ሰዉ ሳቁን ትቶ ይቀበላት ጀመር። ሰዉ ሲደክመውና ወደ ንፍሮው ሲዞር፣ “ምን ማለትሽ ነው፣ እትዬ?” አልኳት፤ ገና ከነጠላዋ ሥር ነበርኩ።

“ያን እሑድ ከወግዲ መጥቼ አዳራሹ በር ላይ ቆሎ እሸጥ ነበር” አለችኝ በጆሮዬ። “አባትህ ነጠላቸው መሬት እየጠረገ ወጡ። ‘ምነው መሪጌታ፣ አላማረዎትም?’ ብላቸው፣ ‘ልጄ እኮ እያለቀሰ ነው’ አሉኝ።”

ያን ጊዜ እንዴት እንዳለቀስኩ አላውቅም። ይሳቅ አይሳቅ አልሰማሁም፤ የነጠላዋ የቆሎ ሽታ ብቻ ትዝ ይለኛል።

ከስንት ዓመት በኋላ፣ ባለፈው ለዘመድ ተዝካር መካነ ሰላም ሄጄ ነበር። ከዓረብ አገር የተመለሰች ወጣት ስልኳን ደቀነችብኝ። “ጋሼ፣ እማዬ በእርስዎ እየሳቀች ነው ያደገችው። እስቲ አንዴ ያልቅሱልኝ!” ዝምታዬን ቀርጻ፣ አመስግናኝ ሄደች። አሁን በየቤቱ ያለ አባወራ ልጁን አስለቅሶ በስልክ እየቀረጸ ይለቅቃል፤ ሽንኩርት መግዛት እንኳ ቀርቷል።

ለእናንተም አንድ ነገር ልበላችሁ። ልጅ ሲያለቅስ እያሳዩ የሚያስቋችሁ ከሆነ ተነሱና ውጡ።