ቅቤ የተቀባችው ፔጆ

ባለፈው ቅዳሜ ሰሚት አካባቢ ካለ ላቫጆ መኪናዬን አሳጥቤ ስረከብ፣ አጣቢው ዳሽቦርዱን የሆነ ነገር ረጭቶበት እንጆሪ እንጆሪ ይሸታል። «ሽታውን ወደድሽው እህቴ?» ሲለኝ ሳቄ መጣ። ልጅ እያለሁ የማውቀው ዳሽቦርድ የሚሸተው ቅቤ ነበር፤ ጥፋተኛዋም እኔ ነበርኩ።

ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ እኔ አሥር ዓመቴ ነው። ቤታችን ቦሌ፣ ከሩዋንዳ ሰፈር ጀርባ ነበር። አውሮፕላን ጣሪያችንን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ሲያልፍ የቡፌው ብርጭቆዎች ይንጫጩ፣ እኛም ሜዳው ላይ ሱዚ መዝለላችንን አቁመን እጃችንን እናውለበልብለት ነበር።

አባቴ ጋሽ ታደሰ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ከእኛ ቀጥሎ የሚወዳት፣ እማዬን ከጠየቃችሁ ደግሞ ከእኛ አስቀድሞ የሚወዳት፣ ክሬም ቀለም ያላት አሮጌ ፔጆ 404 ነበረችው። ቆርቆሮዋ አያስጨንቀውም፤ ቢጋጭ ይቀጠቀጣል፣ ቢላጥ ይቀባል። ጭንቀቱ ፕላስቲኳ ነው። የሬዲዮዋ ማዞሪያዎች፣ የፍጥነት መቁጠሪያዋ ክዳን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ፀሐይ አድርቆ የሰነጣጠቀው ዳሽቦርዷ አንዴ ከተሰበሩ ሱማሌ ተራን ዞሮ ቢውልም ምትክ አያገኝም። አንድ አጣቢ የሬዲዮዋን ማዞሪያ በቤንዚን ወልውሎ ነጭ ያደረገበት ዕለት አባዬ ምሳ አልበላም።

ከዚያ ወዲህ ውስጧን የሚያጸዳው ራሱ ብቻ ሆነ። ቅዳሜ ከሰዓት ክብሪት እንጨት ላይ ጥጥ ይጠመጥማል፣ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ሻምፖ ጠብ ያደርጋል፣ ከዚያ ትንፋሹን ውጦ ስንጥቁን ይከተላል። የፍጥነት መቁጠሪያውን ክዳን በጥርስ ሳሙና ቀስ እያለ ያሸዋል። የዚያ ጥርስ ሳሙናና ፀሐይ ያሞቀው ወንበር ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ።

እኛ ቤት ያደገችው አክስቴ ሰናይት፣ የአባዬ ታናሽ እህት፣ ልታገባ ሆነ። ሙሽራው መኪና ልከራይ ቢል አባዬ በጄ አላለም። «እህቴ ከቤቴ የምትወጣው በራሴ ፔጆ ነው፤ ሹፌሩም እኔ ነኝ» አለ።

የሰርጉ ዋዜማ ግቢው ተተራምሶ፣ ድንኳን እየተተከለ፣ አባዬ ወንበር ሊያመጣ ሲወጣ ጠራኝና ጥጡን እጄ ላይ አኖረው። «ሚሚ፣ ዳሽቦርዱን ዛሬ ላንቺ ሰጥቼሻለሁ። አቧራውን ብቻ በስሱ አንሺልኝ። ሌላ ነገር እንዳትነኪ፣ እሺ?» ታላቅ ወንድሜን ሳይሆን እኔን! ከሙሽራዋ በላይ የተኩራራሁ ይመስለኛል።

አቧራውን አነሳሁ። ከስሩ የወጣው ግን አሳዘነኝ፤ ግራጫ፣ ደረቅ፣ ስንጥቅጥቅ ያለ። እማዬ ፀጉሬን ባበጠረች ቁጥር «ውይ ድርቀቱ!» እያለች አናቴ ላይ ለጋ ቅቤ የምትለድፈው ለዚህ አይደል? ጓዳ ገብቼ ለሰርጉ ከመጣው ቅቤ ሳይነጠር የተረፈውን አንድ ጭብጥ ዘገንኩ። ስንጥቁን አንድ በአንድ እየሞላሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ አሸሁት። አንጸባረቀ! እንዲሰርጽ ደግሞ በእማዬ ሻሽ ሸፈንኩት፤ እኔንም እንደዚያው ነበር የምታደርገኝ። አባዬ ተመልሶ ሻሹን ሲያይ ከአቧራ የከለልኩት መስሎት «ጎበዝ» አለኝ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሚዜዎቹ በር ላይ ሲጨፍሩ፣ አባዬ ከረባቱን አስሮ ሻሹን ገለጠ። ፔጆዋ ከማለዳ ጀምሮ ፀሐይ ላይ ቆማለች። ቅቤው ቀልጦ በሬዲዮዋ ማዞሪያዎች ላይ ይንጠባጠባል፤ ዝንቦቹም ከእንግዶቹ ቀድመው ገብተዋል። አባዬ ዳሽቦርዱን አየ፣ እኔን አየ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ቅቤ» አልኩ። «ደርቆ ነበራ።»

ጥፊ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። የፈራሁት «ሁለተኛ እጅሽ እንዳይነካት» እንዳይለኝ ነው። እሱ ግን ኮቱን አውልቆ ለብ ያለ ውሃና ሻምፖ አስመጣኝና ጎን ለጎን ሆነን መጥረግ ጀመርን። የላዩ ለቀቀ፤ ስንጥቁ ውስጥ የገባውና ሽታው ግን ወይ ፍንክች።

ሙሽሮቹ ከኋላ ተቀመጡ። የፊቱ ወንበር አንድ ወጥ ስለነበር እኔ በአባዬና በአንደኛ ሚዜው መሃል ተሰካሁ። ገና ቦሌ መንገድ ሳንወጣ ሚዜው አሽተት አሽተት አደረገ።

«ኧረ ጋሽ ታደሰ፣ መኪናዋ ቅቤ ቅቤ ትላለች! ማን ነው እንዲህ ጉድ የሠራዎት?»

ነጩን ቀሚሴን ጨምድጄ ያዝኩ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ልዋረድ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«እኔ ነኝ የቀባኋት» አለ አባዬ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል። «እህቴ እንዲህ አምሮባት፣ እሷ ፀጉሯ ደርቆ ሰርግ ትሂድ እንዴ?»

መኪናው በሳቅ ተናጋ። «ኧረ ጋሼ፣ ኩሌ ሊፈስ ነው!» እያለች አክስቴ ሰናይት ትለምነዋለች፤ እሱ ክላክሱን ያስጮኸዋል።

ሚዜው ወሬውን እዚያው ሰርጉ ላይ በተነው። ለፕላስቲክ ያን ያህል የሚጠነቀቅ ሰው ለዓመታት የዘመድ መሳቂያ ሆኖ ቀረ። በዓል በመጣ ቁጥር የአክስቴ ባል «ጋሽ ታደሰ፣ ፔጆዋ ሹሩባ አልተሠራችም?» ይለዋል። አባዬም «ቀጠሮ ይዤላታለሁ» ብሎ አብሮ ይስቃል። አንድም ቀን ወደ እኔ ዞር ብሎ አላየም።

ሰርጉ ባለፈ በመጀመሪያው ቅዳሜ ጠራኝ። «ነይ እንጂ፣ ጥጥሽን ያዢ» አለ። «ፕላስቲክ እንደ ፀጉር አይጠጣም። ያስገባሽውን አብረን እናወጣዋለን።» ክረምት እስኪገባ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንለቅም ከረምን። እውነቱን ለመናገር፣ ቅቤው ባያልቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ዛሬ ሜዳችን ፎቅ ሆኗል፤ የመኪናዬም ፕላስቲክ ቢሰነጠቅ ሌላ ይገዛለታል እንጂ ማንም ትንፋሹን አይውጥለትም። ሥራ ከያዝኩ ወዲህ የለፋሁበትን «የእኔ ነው» ብሎ የወሰደብኝ ሰው ብዙ ነው። ጥፋቴን «የእኔ ነው» ብሎ የወሰደልኝ ግን እስከ ዛሬ አባዬ ብቻ ነው።