መስመሩ የታጠፈበት ቦታ

ባለፈው ሳምንት የፀጉር ቤቷ ልጅ ሽበቴን ልትቀባልኝ ቀለሙን ስትበጠብጥ አሞኒያው አፍንጫዬን ሰነፈጠው። ዓይኔ እንባ አቀረረ። «አቃጠለዎት እንዴ እማማ?» አለችኝ። ያቃጠለኝስ እማማ ማለትሽ ነው ብዬ ቀለድኩባት። እውነቱን ልንገርህና፣ ያ ሽታ ጎንደር ማዘጋጃ ቤት፣ ፕላን በአሞኒያ ወደምናባዛበት ጠባብ ክፍል ይዞኝ ሄዶ ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው። ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ንድፍ ሠሪ ነበርኩ። ኃላፊያችን ካኪ ኮት ከላያቸው የማይወርድ መሐንዲስ ነበሩ። በየስብሰባው ፊት ወንበር ላይ ስለሚቀመጡ ሃይማኖት የላቸውም ይባል ነበር። እኔም አምኜ እፈራቸው ነበር።

አንድ ቀን ከበላይ ትእዛዝ መጣ። ከተማዋ ታድጋለችና ለመጪው ትውልድ የከተማ ባቡር ይታቀድ ተባለ። በዚያን ጊዜ የጎንደርን ታክሲዎች አይደለም፣ የጋሪ ፈረሶቹን እንኳ በመልክ እናውቃቸው ነበር። ሳቃችንን ዋጥ አድርገን ሥራ ጀመርን። ከኃላፊዬ ጋር ከፀዳ ተነስተን፣ በአዘዞ አድርገን እስከ ፒያሳ በእግራችን መንገዱን ለካን። ከማክሰኝት እህል ይዛ የመጣች ሴት አስቁማን «ምነው አያ፣ ይኸ ባቡር ለኔ ዕድሜ ይደርስ ይሆን?» አለቻቸው። «እንሞክራለን» አሉ፤ ከልባቸው ነበር ያሉት።

ጎንደር ዳገትና ቁልቁለት ናት። ወደ ቀሃ ወንዝ ሲወርድ መስመሩን በረጅም ድልድይ አሻገርኩት። ድልድዩን በጥቁር ቀለም በአንድ ትንፋሽ ነበር የሳልኩት። ኮራሁበት። ሽታው ገና ያልለቀቀውን ቅጂ ይዤ ወደ ቤት በረርኩ፤ ለአባቴ ላሳየው።

አባቴ ቄስ ነበር። በየጥምቀቱ ታቦት የሚያከብረው፣ በራሱ ተሸክሞ የሚወርደው፣ እሱ ነበር። ወረቀቱን መደብ ላይ ዘርግቶ መስመሩን በጣቱ ተከተለው፤ ድልድዩ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

«ይህቺ ወደ ጥምቀተ ባሕር የምንወርድባት መንገድ አይደለችም?»

«ናት።»

«ታቦት አክብሬ ስወርድ፣ ሰው በላዬ ሊያልፍ ነው?»

«በዚያ ቀን ባቡሩ ይቆማል አባባ።»

«ባቡሩስ ይቁም። ድልድዩስ ወዴት ይሄዳል?»

አልተቆጣም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «ሸጋ አድርገሽ ስለሽዋል» ብሎ ወረቀቱን አጥፎ ሰጠኝ። ትንሽ ቆይቶ፣ ድልድዩ የተሠራ ዕለት እኔ አላከብርም፣ ሌላ ቄስ ይተካኝ አለ። የአባቴን ደስታ በገዛ እጄ የቀማሁት መሰለኝ።

በዚያ ዘመን መሥሪያ ቤት ውስጥ ስለ ታቦት ማውራት የእንጀራን ገመድ መበጠስ ነበር። የመጣው ይምጣ ብዬ ጠዋት ኃላፊዬ ቢሮ ገባሁ። አባቴ ያለውን ነገርኳቸው። እርሳሳቸውን አስቀመጡ።

«አባትሽ ስንት ዓመት አከበሩ?»

«ሠላሳ፣ ጓድ ኃላፊ።»

ተነስተው በሩን ዘጉት። ከመሳቢያቸው ምላጭ አወጡና ድልድዬን ከዋናው ንድፍ ላይ ይፍቁት ጀመር። ቀስ እያሉ፣ ትቢያውን እፍ እያሉ። ከዚያ መስመሩን ከመንገዱ አርቀው በኮረብታው ግርጌ አዞሩት፤ በኅዳጉም «አፈሩ ድልድይ አይሸከምም» ብለው ጻፉ። የመሥሪያ ቤታችን ካድሬ መጥቶ መስመሩ ለምን እንደተጣመመ ሲጠይቅ ቀና እንኳ አላሉም። «አፈሩ ነው ጓድ» አሉት። ስለ አፈር ከመሐንዲስ ጋር ማን ይከራከራል?

ለአባቴ ስነግረው ጥምጥሙ እስኪላላ ሳቀ። «እኔን ከነታቦቱ ሠላሳ ዓመት የተሸከመ አፈር!» አለ።

የዚያን ዓመት ጥምቀት እልልታው መሐል ቆሜ አባቴን ሳይ፣ ከማዶ ጥግ ላይ ካኪ ኮት አየሁ። ኃላፊዬ ናቸው። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ታቦቱ ካለፈ በኋላ አጠገቤ መጡ፤ ዓይናቸው ርሷል።

«አፈሩን ልመረምር ነው የመጣሁት» አሉኝ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አላየሽኝም። ለአባትሽም ቢሆን እንዳትነግሪ» አሉ።

«አላየሁም» አልኩ።

በዓመቱ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛወሩ፤ ሳልሰናበታቸው ሄዱ። ፕላኑም ቁም ሣጥን ገባ። ባቡሩ ለዚያች ሴት ዕድሜ አልደረሰም፤ ለእኔም የሚደርስ አይመስለኝም። ዛሬ በዚያ መንገድ የሚርመሰመሰው ባጃጅ ነው።

አባቴ ግን እስኪሞት ድረስ በየጥምቀቱ ማታ፣ ከድካሙ አረፍ ሲል፣ ስለ እኒያ ሰው ይጸልይ ነበር። «ያን ደግ ሰው፣ እምነት የሌለውን፣ አንድ ቀን ወደ ቤትህ መልሰው» ይላል። እኔም ቃሌን ጠብቄ፣ እንባዬን በነጠላዬ ሸፍኜ፣ አሜን እል ነበር።