ከአባቴ ክምር ያነሳሁት ድንጋይ

በእኛ አገር አሮጌ መኪና ላይ የእጅ ፍሬን ለጌጥ ነው። ስትስበው ይንቋቋል፣ የሆነ ነገር የያዝክ ይመስልሃል፣ መኪናዋ ግን አትሰማህም። ሹፌሩ የሚያምነው ድንጋይ ነው። ከጣርማ በር ቁልቁል ወደ ሸዋ ሮቢት ስትወርድ አስፋልቱ ላይ እዚህም እዚያም የተገተሩ ድንጋዮች ታያለህ። አንዱ ከጎማ ሥር ታኮ አድርጎ፣ ጉዳዩን ጨርሶ፣ ሳያነሳ የሄደባቸው ናቸው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ስንቱን መንገድ ላይ ጥዬ እንደሄድኩ አላህ ይወቀው።

አባቴ የእነዚህ ድንጋዮች ጠላት ነበሩ። እንቅፋት ከመንገድ ማንሳት ሰደቃ ነው ብለው፣ ከቤታችን እስከ መስጊድ ያገኙትን ሁሉ እያነሱ አጥራችን ጥግ ይከምሩታል። ዓይናቸው ከደከመ በኋላም አልተዉትም። በከዘራቸው ጫፍ ነካ ያደርጉትና ሌባ እንደያዘ ሰው "አለህ?" ይሉታል፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው ያቅፉታል። ሹፌሮቹ ደግሞ ክምሩ ተመችቷቸው ከዚያው እየወሰዱ ታኮ ያደርጋሉ፣ ጥለውት ይሄዳሉ፣ አባቴ መልሰው ያመጡታል።

"አባ፣ የድንጋይ መጋዘን ከፈቱ እኮ" እያልኩ እስቅባቸው ነበር።

"አንተም ከወሰድክ መልስ" ይሉኛል።

ፒካፕ መኪናዬ ዕድሜዋን የጨረሰች ናት። ከሮቢት ማሳ ሽንኩርት ጭኜ ደብረ ብርሃን እወጣባታለሁ። የእጅ ፍሬኗ ገመድ ከተበጠሰ ዓመት አልፎት ነበር። መካኒኩ አይቶ "ሁለት ቀን መቆም አለባት" አለኝ። በሽንኩርት ወቅት ሁለት ቀን! የተነቀለ ሽንኩርት የሮቢት ፀሐይ ላይ ተቀምጦ አይጠብቅህም። "ድንጋይ አለ አይደል እንዴ?" አልኩት። ተሳስቀን ተለያየን።

አባቴ ግን አልሳቁም። አንድ ጊዜ ለለቅሶ ወደ ማጀቴ ከተማ ይዣቸው ስሄድ፣ ዳገት ላይ ቆሜ እግሬን ፍሬኑ ላይ እንደተከልኩ መንገደኛውን "ወንድሜ፣ ድንጋይ አቀብለኝ" እያልኩ ስለምነው ሰምተዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤት በገባሁ ቁጥር "ያ ፍሬን ተሠራ?" ነው። ለእራት ስቀመጥ "ተሠራ?"። ጫማዬን ሳወልቅ "ተሠራ?"። አንድ ቀን ስለሰለቸኝ ብቻ "አዎ፣ ተሠርቷል" አልኳቸው።

"አልሐምዱሊላህ" አሉ። ደግመውም አልጠየቁኝም።

ተራ ማክሰኞ ቀን ነበር። ሽንኩርቱን አራግፌ ባዶዬን ተመልሼ፣ ምሳ ቢጤ ቀምሼ ወደ ማሳ ልወርድ አስቤ ቤት ገባሁ። በራችን ዳገት ላይ ነው። ባትሪዋም ደክሞ ስለነበር ካጠፋኋት ሰው ካልገፋት አትነሳም። ስለዚህ ሞተሯን እንዳስነሳሁ ተውኳት፤ ሞተሩ እየሠራ ደግሞ ማርሽ አስገብቶ ትቷት መውረድ አይቻልም። ከአባቴ ክምር አንድ ድንጋይ አንስቼ ከኋላ ጎማዋ ሥር አደረግኩና ገባሁ። ሁለት ጉርሻ ሳልውጥ የሞተሩ ድምፅ ከበራችን ሲርቅ ሰማሁ።

አባቴ የቀትሩን ዙህር ሰግደው ሲመለሱ ከዘራቸው ድንጋዩን ነክቶታል። የልጃቸው መኪና ፍሬን አላት፣ ልጃቸው ራሱ ነግሯቸዋል። ስለዚህ ያ ድንጋይ አንዱ ግድ የለሽ ጥሎት የሄደው መሆን አለበት። ጎንበስ ብለው ወዘወዙት። መኪናዋ ባዶ ስለነበረች ድንጋዩን ብዙም አልተጫነችውም፤ ወጣላቸው።

ስደርስ መኪናዋ የጎረቤታችንን አጥር ተደግፋ ቆማለች፣ ሞተሯ አሁንም ይሠራል። አባቴ መንገዱ ላይ በጎናቸው ወድቀዋል። ጎማው ጉልበታቸውን ረግጦ አልፏል። ድንጋዩን እንዳቀፉት ነበሩ። መጀመሪያ ያሉኝ "መኪናህ ተጎዳች?" ነው።

ሐኪም ቤት ጉልበታቸውን በብረት ጠገኑት፤ ከዚያ ወዲህ ግን አልታጠፈም። ስልሳ ዓመት ግንባራቸውን መሬት ሲያስነኩ የኖሩ ሰውዬ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይሰግዱ ጀመር። ግንባራቸው ላይ የነበረው የሱጁድ ምልክት ቀስ በቀስ ደበዘዘ። እሱን ላለማየት ሳወራቸው ዓይኔን እጃቸው ላይ አደርግ ነበር።

ጠያቂ ጎረፈ። ለመጣው ሁሉ አባቴ አንድ ነገር ይናገራሉ፦ "ጥፋቱ የኔ ነው። ልጄ ፍሬኑን አሠርቶት ነበር። እኔ ነኝ በማላየው ነገር እጄን የሰደድኩ።" ፍሬን ካላት ታዲያ እንዴት ተንሸራተተች ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው የለም። የታመመን ሽማግሌ ማን ይመረምራል? እኔም ሻይ እቀዳ ነበር።

መካኒኩም መጣ። "አላህ ያሽርዎ፣ አባባ" ብሎ ተቀመጠ። አባቴ ያንኑ ሲነግሩት፣ "ልጄ አሠርቶት ነበር" ሲሉት፣ ቀና ብሎ አየኝ። ብርጭቆውን አቀበልኩት። ጠጣና፣ ደህና ዋሉ ብሎ ወጣ። ያን ቀን ጠላሁት። ቢያጋልጠኝ ኖሮ ይገላግለኝ ነበር።

በሳምንቱ ፍሬኑን አሠራሁት። ሁለት ቀን ይፈጃል የተባለው ሥራ ግማሽ ቀን አልሞላም። ከዚያ በኋላ በር ላይ ሳቆማትና ስስበው፣ አባቴ ወንበራቸው ላይ ሆነው ድምፁን ይሰማሉ። "አሁንማ ደህና ይይዛታል" ይላሉ። ስንት ቀን "አባ" ብዬ ጀምሬ፣ "ወዬ" ሲሉኝ "ውኃ ላምጣልዎ?" ብያቸዋለሁ። ውኃ ይጠጡልኛል፣ ሳይጠማቸው።

ዘንድሮ ረመዳን ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ጠሩኝ። ሰውነታቸው በጣም ከስቶ ነበር።

"ና፣ ቁጭ በል። ሰው መቼ እንደሚጠራ አያውቅም፤ የሰው ሐቅ ተሸክሜ መሄድ አልሻም። ያን ድንጋይ ባልነካው ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ አይመጣብህም ነበር። ከሥራህ አስተጓጎልኩህ፣ ሐኪም ቤት ስታመላልሰኝ ከረምክ። አንድም ቀን ፊት አልነሳኸኝም። አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ፣ ልጄ።"

ማንም አልነበረም። በሩ ተዘግቷል። እሳቸው መዳፋቸውን ዘርግተው፣ የማያዩትን ዓይናቸውን ወደ እኔ አዙረው ይጠብቃሉ።

"አውፍ ብያለሁ፣ አባ" አልኳቸው።

"አላህ ይስጥህ" አሉ፤ ፊታቸው ፈካ። ረመዳን ሳይገባ ቀበርናቸው። የኔን ሐቅ አራግፈው ሄዱ፤ የሳቸው ሐቅ እኔ ላይ ቀረ።