አላውቀውም ያልኩት ቋንቋ

ለንስሐ አባቴ ብዙ ነገር ተናግሬያለሁ። ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን፣ የታመመ ሳልጠይቅ መክረሜን። ይህንን ግን አልተናገርኩም፤ ለባሌም፣ ለእህቴም፣ ለማንም። መስቀል ተሳልሜ ከቤተ ክርስቲያን በወጣሁ ቁጥር ፓርኪንጉ ላይ ቆሜ «ተመለሺና ንገሪያቸው» እላለሁ፤ ከዚያ የመኪናዬን ቁልፍ ከቦርሳዬ እፈልጋለሁ። ለእናንተ የምነግራችሁ ደፍሬ አይደለም። ፊቴን ስለማታዩት ነው።

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚባል ከተማ በሚገኝ አንድ ክሊኒክ ውስጥ የሰው ጥርስ የማጸዳ ሴት ነኝ። በሽተኛ ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ «ስኳር አለብህ ወይ? ደም ግፊት አለብህ ወይ?» ብዬ የምጠይቀው እኔ ነኝ። ይህንን ከወዲሁ የምነግራችሁ «ምስኪን፣ ሳይገባት ነው» ብላችሁ እንዳታዝኑልኝ ነው።

ዜግነቴን ባገኘሁ በዓመቱ አብራኝ የምትሠራው ካረን ሜክሲኮ እንሂድ አለችኝ። ጫካ ውስጥ፣ በጀልባ ካልሆነ በቀር የማይደረስበት፣ ማያ የሚባሉ ሕዝቦች የሠሩት የጥንት ከተማ አለ አለችኝ። እሺ አልኩ። እሺ ያልኩት ግን ለድንጋዩ ብዬ አልነበረም። አዲሱን ሰማያዊ ፓስፖርቴን አውጥቼ ለማሳየት ነው። ሰፊ ባርኔጣ ገዛሁ፣ ግማሽ ፊቴን የሚሸፍን ጥቁር መነጽር ገዛሁ፣ ኪሱ የበዛ የጎብኚ ሱሪ ገዛሁ። ራስ ሳይጠና ጉተና ማለት እኔ ነበርኩ።

ያ ሁሉ መንቀባረር ከየት መጣ? እኔ እኮ ከዓመታት በፊት ጥገኝነት ጠይቄ፣ የሥራ ፈቃዴን እየጠበቅሁ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ላንድማርክ በሚባለው ሰፈር እትዬ ዘነበች ሳሎን፣ ሶፋ ላይ የምተኛ ሴት ነበርኩ። እትዬ ዘነበች ደብረ ብርሃን የእናቴ ጎረቤት ነበሩ። አሜሪካ ስገባ ስንት ቀን ትቆያለሽ እንኳ ሳይሉኝ በራቸውን የከፈቱልኝ እሳቸው ናቸው። ከጉዞው በፊት ልሰናበታቸው ብሄድ «ሜክሲኮ?» አሉኝ። እጄን ይዘው አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈት አደረጉ፤ ከዚያ «በይ በሰላም ግቢ» ብለው ለቀቁኝ። ልብ አላልኩትም፤ ልቤ ባርኔጣው ላይ ነበር።

ወንዙ ሜክሲኮንና ጓቲማላን የሚለይ ነው፤ ሰፊ፣ ጭቃማና ፈጣን። የዘንባባ ቅጠል ጣሪያ ባላት ቀጭንና ረጅም የሞተር ጀልባ ተሳፈርን። ሌሎች ጀልባዎች ከወዲያኛው ዳር ወደ ወዲህኛው ሰው ያሻግሩ ነበር፤ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ ያቀፉ፣ ልጅ ያዘሉ ሰዎች። አስጎብኚያችን ሚጌል «ስደተኞች ናቸው፤ ወደ ሰሜን፣ ወደ እናንተ አገር ነው የሚሄዱት» አለን። ወደ እናንተ አገር ሲል እኔንም እያየ ነበርና ደስ አለኝ። ፊቴን ከሰዎቹ አዙሬ «አዞው የታለ?» ብዬ ጠየቅሁት።

ስለ ፍርስራሹ ብዙ አልነግራችሁም። ደረጃዎቹን የዛፍ ሥር ሰነጣጥቋቸዋል፤ ጨለማው መተላለፊያ ውስጥ የሌሊት ወፎች ተንጠልጥለዋል፤ ጦጣዎቹ ዛፍ ላይ ሆነው ሲጮኹ አንበሳ መስለውኝ ክው ብያለሁ። ሚጌል በድንጋይ ላይ ስለተቀረጸች አንዲት ንግሥት ነገረን፤ ለአማልክቷ ደሟን ለመስጠት እሾህ የተጠላለፈበት ገመድ በምላሷ ውስጥ ታሳልፍ ነበር አለ። ካረን አፏን በእጇ ያዘች። እኔ ፎቶ አነሳሁ። ይቺን ንግሥት ከኃጢአቴ ጋር አያይዤ ነገሬን ላሳምር እችል ነበር፤ ግን ያን ሰዓት የማስበው ስለ ምሳ ነበር።

ተመልሰን ከጀልባው ስንወርድ፣ ዳር ላይ ከአንድ ዛፍ ሥር አንዲት ልጅ ተጋድማለች። አጠገቧ አንድ ወጣት ቆሞ ያለፈ ያገደመውን ሁሉ ይማጸናል። እኔን ሲያይ ፊቱ በራ። ሮጦ መጣ።

«እትዬ፣ ሀበሻ ነዎት አይደል? እግዚአብሔር ነው ያመጣዎት! ይቺ ልጅ የስኳር በሽተኛ ናት። ስንሻገር ጀልባው አዘንብሎ ቦርሳዋ ወንዝ ገባባት፤ መርፌዋ እዚያ ውስጥ ነበር። ከትናንት ወዲህ አልተወጋችም። እዚህ የሚሰማኝ ሰው አጣሁ። በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ ለሰውዬው ይንገሩልኝ፤ ሐኪም ቤት ያድርሳት።»

ሁሉንም ሰማሁ። አንድ ቃል አላመለጠኝም። ልጅቷንም አየኋት፤ ከሆዷ እየሳበች በኃይል ትተነፍሳለች፣ ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ትንፋሿ እንደተበላሸ ፍሬ ይሸታል። ያ ሽታ የስኳር በሽተኛ ነፍሱ አደጋ ላይ ነች ማለት እንደሆነ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ተምሬዋለሁ፣ ተፈትኜበታለሁ፣ አልፌበታለሁ። ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ግን እንዳልገባው ሰው ትከሻዬን ነቀነቅሁ።

ወጣቱ ከእኔ መልስ ሲያጣ ወደ ሚጌል ዞረ። እንግሊዝኛው «ሲክ፣ ፕሊስ» ከማለት አያልፍም። ስለዚህ በእጁ ማስረዳት ጀመረ፤ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱ ላይ መርፌ ሲወጋ አሳየ፣ ወደ ልጅቷ ጠቆመ፣ ደግሞ አሳየ። ይሄኔ ካረን ክንዴን ይዛ ወደ ኋላ ሳበችኝ። «ኦ ማይ ጋድ፣ አደንዛዥ ዕፅ ነው! አትጠጊያት!» አለች። የሚጌልም ፊት ተለወጠ። ክፉ ሰው ግን አልነበረም። ወደ እኔ መጥቶ ቀስ ብሎ «ቋንቋቸውን ትሰሚያለሽ? ምን እንደሆነች ካወቅሁ መኪናው አለ፤ ክሊኒክ እናደርሳታለን» አለኝ።

«ኖ» አልኩት። «ቋንቋውን አላውቀውም።»

ያደረግሁት ይህ ነው። አልመታኋትም፤ አልዘረፍኳትም። አላውቀውም አልኩ። የምጸልይበትን፣ የምቆጣበትን፣ ሕልም የማይበትን ቋንቋ አላውቀውም አልኩ። ስኳር አለባት ማለት ምን ያስከፍለኝ ነበር? በየቀኑ አሥር ሰው የምጠይቀው ነገር አይደለም እንዴ? ለማላውቀው ፈረንጅ የማልሰስተውን ቃል ለአገሬ ልጅ ሰሰትኩ።

ፈርቼ ነው እንዳልል የሚያስፈራኝ ነገር አልነበረም። ፓስፖርቴ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ፖሊስ ቢመጣ እንኳ አክብሮ የሚያናግረው እኔን ነው። ደንግጬ ነው እንዳልል ልቤ የተረጋጋ ነበር። አፍሬ ነው። ካረን ከእነሱ ጋር እንዳትደምረኝ ብዬ ነው። የአንድ ቀን ጎብኚነቴ እንዳይበላሽብኝ፣ «አንቺም እንዲህ ነው የመጣሽው?» የሚል ጥያቄ ምሳ ላይ እንዳይነሳ ብዬ ነው። ከዚህ የተሻለ ምክንያት ብዙ ጊዜ ፈልጌያለሁ፤ የለኝም። ጴጥሮስስ ቢክድ ዶሮ ሲጮኽ ወጥቶ አለቀሰ። እኔ ወጥቼ የተጠበሰ ዓሣ በላሁ፤ ሎሚም ጨመርኩበት።

ከተመለስኩ በኋላ ነገሩን ለመርሳት ብዙም አልተቸገርኩም። ሌላ ሰው ደርሶላት ይሆናል እያልኩ ራሴን አባበልኩ፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ፎቶዎቹን በየቤቱ እየዞርኩ አሳየሁ። አንድ ቅዳሜ የእድራችን ሊቀመንበር ደወሉልኝ። የእትዬ ዘነበች የእህት ልጅ መንገድ ላይ አርፋለች፤ ነገ ጠዋት መርዶ ስለምንነግራቸው አንቺም እንደ ልጃቸው ነሽና ነይ አሉኝ። እትዬ ዘነበች ልጅ እያስመጡ እንደነበር ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። እንደምታውቁት የእኛ ሰው መንገደኛው ሳይደርስ ወሬውን አያወጣም፤ የሰው ዓይን ይፈራል።

በማለዳ ላንድማርክ፣ ከሕንፃው በር ላይ ተሰባስበን ወደ ቤታቸው ወጣን፤ ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ እኛ ነጠላችንን አዘቅዝቀን ከኋላ። እትዬ ዘነበች በሩን ከፍተው የቆመውን ሰው ሲያዩ ማንም ሳይናገር ገባቸው። «ሰላማዊትን ነው!» ብለው ወደቁ። ለቅሶው ሲበርድ ፎቶዋ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ቆመ። አየሁት። ጮኽኩ። ሁለት ሴቶች ደግፈው ይዘውኝ ውሃ አጠጡኝ። ሰው ሁሉ «ምስኪን፣ ሳታውቃት እንኳ እንደ እህቷ አለቀሰች» አለልኝ። ምስጋናውንም ዝም ብዬ ተቀበልኩ።

እትዬ ዘነበች በለቅሶው መካከል እጄን ይዘው «ያን ቀን ሜክሲኮ እሄዳለሁ ስትይኝ ልነግርሽ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ምናልባት ባገኘሻት ነበር። ዓይን ፈርቼ ዋጥኩት» አሉኝ። ምን ልበላቸው? «አገር እኮ ሰፊ ነው፣ እትዬ» አልኳቸው። እኔ ነኝ ይህንን ያልኩት፤ በገዛ አፌ።

ሰላማዊትን ነይ ያሏት እሳቸው ናቸው። አገር ቤት መድኃኒቷ አንድ ቀን ይገኛል፣ አንድ ቀን ይጠፋል፤ እዚህ ብትሆን ግን አይቋረጥባትም ብለው ነው። አሁን እናቷ ከደብረ ብርሃን ደውላ «አንቺ ነሽ የጠራሻት» ብላ ስልኩን ዘጋችባቸው፤ ከዚያ ወዲህ እህትማማቾቹ አይነጋገሩም። እትዬ ዘነበች ቆራቢ ነበሩ። ከመርዶው ወዲህ ግን «ነፍስ ያጠፋ ሰው ምን ብሎ ይቆርባል?» ብለው ተዉት። ካህኑም መከሯቸው፣ እድርተኛውም ለመናቸው፤ አልሰሙም። እሑድ እሑድ በመኪናዬ ወስጄ የማመጣቸው እኔ ነኝ። ሰው ሊቆርብ ሲሄድ እሳቸው ከኋላ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ይቀራሉ፤ እኔ አጠገባቸው ቆሜ እውነተኛዋ ነፍስ ገዳይ ማን እንደሆነች እያወቅሁ ነጠላዬን አስተካክላለሁ።

በመንፈቋ ተዝካር ዕለት ያ ወጣት መጣ። በላይነህ ይባላል። እንደምንም ተሻግሮ ሎረል በሚባል ከተማ ከአጎቱ ልጅ ጋር ገብቷል። ገና ከበር ሲገባ አወቅሁት። እሱ ግን አላወቀኝም። ባርኔጣውና መነጽሩ የሉም፤ ጥቁር የለበስኩ፣ ሳህን የማነሳ የአገሩ ሴት ነኝ። «እንደምን ነዎት፣ እትዬ» ብሎ ጎንበስ ብሎ ጨበጠኝ።

ከጸሎቱ በኋላ እትዬ ዘነበች አጠገባቸው አስቀምጠው «ሳትደብቅ ንገረኝ፤ የመጨረሻዋ እንዴት ነበር?» አሉት። ስለ ቦርሳዋ ነገራቸው፣ ስለ ወንዙ ዳር ነገራቸው፣ በማግሥቱ ጠዋት እዚያው ዛፍ ሥር እንዳረፈች ነገራቸው። ከዚያ ትንሽ አመነታና ቀጠለ።

«አንድ ነገር ነው የሚቆጨኝ። ከፈረንጆች ጋር የመጣች አንዲት ቱሪስት ነበረች፤ ሀበሻ መስላኝ ለመንኳት። አልሰማችኝም፣ ለካ ሌላ አገር ሰው ናት። ሰላማዊት ግን ‹ሀበሻ ናት፤ አንተ ስትናገር በመነጽሯ ሥር ዓይኗን አይቻለሁ፣ ገብቷታል› እያለች ሌሊቱን ሙሉ ሞገተችኝ። እኔ ደግሞ ‹ትኩሳቱ ነው፣ እየቃዠሽ ነው፤ ዝም በይና ተኚ› እያልኩ ተቆጣኋት። የመጨረሻ ቀኗን ተጨቃጭቀን አሳለፍነው።»

እትዬ ዘነበች እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ጀርባውን መታ መታ አደረጉት። «አይ ልጄ፣ በዚህስ አትጸጸት። ቃዥታ ነው። ሀበሻ ብትሆንማ ጥላት ትሄድ ነበር? የማይሆነውን!»

«የማይሆነውን» አለ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ። ከዚያ እትዬ ዘነበች ወደ እኔ ዞሩ፤ «አይደለም እንዴ ልጄ?»

«እውነትዎን ነው፣ እትዬ» አልኩ።

ወንዙ ዳር አንድ ጊዜ ካድኩ፤ ያ በድንገት የሆነ ነው ሊባል ይችላል። ይህኛው ግን ምን ይባላል? የሞተችው ልጅ በመጨረሻ ሰዓቷ የተናገረችውን እውነት ቅዠት አድርጌ አጸደቅሁባት፤ ያሳደሩኝ ሴትዮ ያልሠሩትን ኃጢአት ተሸክመው ከቁርባን እንዲቀሩ ተውኳቸው። ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅርታው የእናንተ አይደለም።

ነገ ሄጄ እነግራቸዋለሁም አልላችሁም፤ ነገ እያልኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ስማቸውን ሳልለውጥ የጻፍኩት ለዚህ ነው። ፈሪነት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ይህንንም ጨምሩልኝ። ከእናንተ መካከል የላንድማርኳን እትዬ ዘነበችን የሚያውቅ ካለ እኔን አይጠብቅ። በማለዳ ሄዳችሁ በራቸውን አንኳኩ። ልጅቷን የገደሏት እርስዎ አይደሉም፣ ይቁረቡ በሏቸው። ሴትዮዋ ሀበሻ ነበረች፣ ሶፋዎ ላይ ያስተኟት ናት በሏቸው። ሰላማዊት አልቃዠችም በሏቸው።