ኮንትራት የያዘው ሰውዬ

ደጉ እናቱን አልቀበረም። ዳንግላ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም፤ ከነምክንያቱ የምናውቀው ግን ሁለታችን ብቻ ነን። አንዱ እኔ ነኝ፣ ፊልሙን ያሳየሁት።

ደጉ ከዳንግላ እንጅባራ ሚኒባስ መንዳት ከጀመረ አስራ አንድ ዓመት አልፎት ነበር። ለእናቱ ለእማማ ዘውድነሽ አንድ ልጃቸው ነው። እሳቸው የሚኖሩት ከአዲስ ቅዳም ወጣ ብሎ ካለ ገጠር ነበር። መንገድ ዳር ወጥተው ካያቸው፣ ተሳፋሪው ጮኸም አልጮኸም፣ ወርዶ ጉልበታቸውን ስሞ ነው የሚያልፈው። እጁን ያነሳ መንገደኛም ጥሎ አይሄድም ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው ነው ያበላሸሁት።

ቪዲዮ ቤት ነበረኝ። የውጭ ፊልም ሳሳይ ከፊት ቆሜ በአማርኛ እተረጉማለሁ። እንግሊዝኛ አልችልም፤ ማን ይጠይቀኛል? በ2006 ዓ.ም አንድ እሁድ ያሳየሁት፣ መንገድ ላይ የተሳፈረ እንግዳ ሹፌሩን ቁም ስቅሉን የሚያሳይበት ነበር። እንግዳው አፉን በከፈተ ቁጥር ከራሴ እየፈጠርኩ፣ ድምፄን አወፍሬ «ቤትህን አውቀዋለሁ! አብረን እንወርዳለን!» እላለሁ። ደጉ ፊት ወንበር ላይ ነበር። የያዘው ሻይ ሳይጠጣው ቀዘቀዘበት።

ማክሰኞ ጠዋት አንድ የማያውቀው ሰው መናኸሪያ መጥቶ፣ ለብቻው እስከ አዲስ ቅዳም ኮንትራት ያዘው። ይዘንብ ነበር። ሰውየው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ከደጉ አጠገብ ተቀመጠ። መንገዱን ትቶ ደጉን ያያል።

«ደጉ አንተ ነህ አይደል? ቤታችሁን አውቀዋለሁ» አለው።

ደጉ ነዳጁን ረገጠው።

«ይችን መኪና ካንተ ሌላ የሚነዳት አለ?»

ሰውየው ትንሽ ቆየና «አዲስ ቅዳም ስንደርስ አቁማት፤ አብረን እንወርዳለን» አለው።

ደጉ የእሁዱ ፊልም ትዝ አለው። ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው «የኋላው ጎማ የተነፈሰ መሰለኝ፣ እስቲ እይልኝ» ብሎ አቆመ። ሰውየው ሲወርድለት በሩን ጎትቶ ዘጋና ነዳው። አዲስ ቅዳምን ሳይቆም አለፈ። ስልኩን አጠፋ። እንጅባራ ደርሶ ሰው የሚበዛበት ቦታ አቆመና መኪናው ውስጥ ቁጭ አለ።

ሰውየው ሽባባው ይባላል፤ የደጉን የአጎት ልጅ በቅርቡ ያገባ ነው። እማማ ዘውድነሽ ሌሊቱን አርፈዋል። በኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ያውም መሪ ለጨበጠ ሰው። ሽማግሌዎቹ አዲስ ቅዳም አጎቱ ቤት ተሰብስበው፣ ሽባባውን «ትንፍሽ እንዳትል፤ ብቻ አምጣልን» ብለው ነው የላኩት። ሌላ ሹፌር የጠየቀውም ከመርዶው በኋላ ወደ ቀብሩ የሚያደርሳቸው ፈልጎ ነው። ምስኪን፣ በዝናብ በእግሩ ተመለሰ።

አስከሬኑ ደጉን እስከ አስር ሰዓት ጠበቀ። ደጉ ስልኩን የከፈተው አስራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ይህች አንዲት ሰዓት ዛሬም ታንገበግበኛለች።

ከአርባቸው በኋላ ቪዲዮ ቤት መጣ። ሊመታኝ መስሎኝ ተነሳሁ። እሱ ግን የዚያን ቀን ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«ምህረቴ፣ ያ የፊልሙ ሰውዬ እውነት ምን ነበር የሚለው?»

አፍሬ መሬት መሬት አየሁ። «አላውቅም ወንድሜ። ከራሴ ነው የፈጠርኩት።»

ተነስቶ በሩ ጋ ደረሰ።

«እንግዲያው እሱም መርዶ ይዞ ይሆናል» አለና ወጣ።