አረንጓዴዋን ስናጣጥል አረፈድን

ነገሩን የጀመረችው ምላሴ ናት። የፋሲካ ማግስት፣ ከአዲስ አበባ ሰባ ምናምን ኪሎ ሜትር በምትርቀው ሸኖ፣ ታላቅ እህቴ ቤት፣ ዘመድ ሁሉ ጠግቦ በተቀመጠበት ሰዓት የጉልበት በሽታ ወሬ ተነሣ። አንዱ ከወንበር ለመነሣት ስንት ጊዜ እንደሚያስብ ነገረን፤ ሌላው ደረጃ ገና ሲያይ እንደሚያልበው። እኔ ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፤ ጉልበቴም ከእነሱ ጉልበት የሚለይበት ነገር የለም። ግን ሁለት ብርጭቆ ጠላ ጠጥቼ ነበርና፣ «እኔ ለመስቀል የምመጣው በብስክሌት ነው» አልኩ።

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ከሁሉም በላይ የሳቀችው ሚስቴ ነበረች። ከሲ.ኤም.ሲ እስከ መገናኛ በባቡር ቆሜ በሄድኩ ቁጥር ማታ ወገቤን የምታሸው እሷ ስለሆነች ፍርዷን አልነቅፍም። ያልሳቀችው እህቴ ብቻ ናት። ሰማንያ ሊሞላት ሁለት ዓመት ቀርቷታል። ሳህን እየሰበሰበች፣ «እንግዲያው ምሳህን አስቀምጥልሃለሁ» አለች፤ ነገ እመጣለሁ እንዳልኳት ሁሉ።

ከሚስቁብህ ሰዎች ጋር አብረህ ስቀህ ነገሩን ማስረሳት ትችላለህ። የሚያምንህ ሰው ግን መውጫ አይሰጥህም። ከዚያ ወዲህ በደወልኩላት ቁጥር ስለ ጤናዬ መጠየቁን ትታ «ብስክሌቱስ?» ትለኝ ጀመር። «እየመረጥኩ ነው» እላታለሁ። ሐምሌ አለቀ፤ እኔ አሁንም እየመረጥኩ ነበር።

ስመርጥ ነበር ስል እውነቴን ነው። ወጣት አስተማሪ ሆኜ ገጠር ሳለሁ የነዳሁት ብስክሌት ብረት ነበር፤ አሁንም ብረት ካልሆነ አልፈልግም አልኩ። ብረት መንገድ ላይ ቢሰበር የሰፈር በር የሚሠራ በያጅ ይጠግነዋል፤ ካርቦን የሚሉት ቢሰበር ግን ቀብሩ ላይ መቆም ብቻ ነው። ደግሞ ጥሩ ብረት ጉድጓድ ሲያገኝ ትንሽ ለመጥ ይላል። ከሁለታችን አንዳችን እንኳ መለመጥ ብንችል መልካም ነው። ፍጥነት አላማረኝም። አስፋልቱንም ኮረኮንቹንም የሚችል፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬበት ማታ ቀጥ ብዬ የምወርድበት ነገር ነበር የፈለግሁት። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። እያወቅሁ እንዴት እንዳጠፋሁ ልንገራችሁ።

ጓደኛዬ ሾላ ገበያ ሠላሳ ዓመት በግ የሸጠ ሰው ነው። በእኛ ሰፈር በግ ሊገዛ የሚወጣ ሰው ብቻውን አይሄድም፤ ዓይን ያለው ሰው ይዞ ነው። እኔም በግና ብስክሌት ሳልለይ እሱን አስከትዬ ኮተቤ መንገድ ዳር ወዳለ ያገለገሉ ብስክሌቶች መሸጫ ሄድኩ። በመንገድ ላይ መመሪያ ሰጠኝ።

«ዓይንህ ያረፈበትን ዞረህ እንዳታየው» አለኝ። «የማትፈልገውን አወድስ፣ የምትፈልገውን አጣጥል። ለምን እንደፈለግኸው ደግሞ ለነፍስ አባትህም ቢሆን አትንገር።»

«ለምን?»

«የዓመት በዓል እንግዳ አለብኝ ብሎ በግ የገዛ ሰው አይቼ አውቃለሁ። እስከ ዛሬ አላገገመም።»

ባለሱቋ አርባዎቹን የተሻገረች፣ እጇ እስከ ክንዷ ግራሶ የሆነ ሴት ናት። ብስክሌቶቹ እንደ ቋንጣ ከጣሪያ ተንጠልጥለዋል። አረንጓዴዋን ገና ስገባ አየኋት። ቴላዮዋ፣ ማለትም መላ አጥንቷ፣ ቀጠን ያለ ብረት ነው። ወፍራም ጎማ ይገባላታል፤ ከኋላዋ ዕቃ መጫኛ፣ ለዳገት የሚሆን ቀላል ማርሽ አላት። መሪዋም ከፍ ብሎ የተተከለ ስለሆነ ሽማግሌ አያጎነብስም። ወዲያው ፊቴን አዞርኩ። አጠገቧ አንድ ቀይ የእሽቅድምድም ብስክሌት ተሰቅሏል። እሱም ብረት ነው፤ ግን ጎማው ጣት የሚያህል፣ መሪው ወደ ጉልበት የወረደ፣ ማርሹም ሜዳ ላይ ለሚከንፍ ጎረምሳ የተሠራ።

«አባቴ፣ የት ሊነዱት ነው?» አለች ባለሱቋ።

«እዚሁ ነው። ቤተ ክርስቲያን ደርሶ መልስ።»

ጓደኛዬ በኩራት አየኝ። ከዚያ ወደ አረንጓዴዋ ሄዶ በግ ሲመርጥ እንደሚያደርገው ወገቧን ጨበጠ።

«አጥንት ብቻ ናት» አለ። «ሥጋ የላትም።»

«ቀለሟስ» አልኩ፣ ቀለሟ አንጀቴን እየበላው፤ «የቀበሌ በር ይመስላል።»

«ይሄ ቀዩ ግን... ወገቡን እይልኝ እስቲ» አለ ጓደኛዬ።

«ለእኔ የተፈጠረ ነው» አልኩ።

«ራቅ ያለ መንገድ አላሰቡም?» አለች ሴትዮዋ።

«በዚህ ዕድሜዬ ምን ራቅ ያለ መንገድ አለኝ፣ ልጄ።»

«እንጦጦስ አይወጡበትም?»

«እንጦጦን ከታች ሆኜ አያታለሁ።»

እንዲህ ስንል አረፈድን። አረንጓዴዋ ያልተሰደበ ብሎን አልቀራትም። ሐሳባችን መጨረሻ ላይ ሰልችቶት እንደሚወጣ ሰው ሆነን፣ «እስቲ ያቺን አስቀያሚም ቢሆን ስጪን» ለማለት ነበር። ሴትዮዋ ግን ቀዩን አወረደች፤ ጎማውን ነፋች፤ ወንበሩን በእግሬ ልክ አስተካከለች። «አረንጓዴዋን እንዲህ ከጠሏት ከፊትዎ ላንሣልዎ» ብላም ወደ ጓሮ ይዛት ገባች።

ጓደኛዬን አየሁት። ጓደኛዬ ጣሪያውን ያያል። ሾላ ቢሆን ነጋዴው እጅጌዬን ይዞ ይምል፣ ይገዘት ነበር፤ ይቺ ሴት ግን የተናገርነውን እንዳለ አመነች። በአንድ ዓመት ውስጥ ያመነችኝ ሁለተኛ ሴት መሆኗ ነው። «ዋሽቼሻለሁ፣ የምፈልገው አረንጓዴዋን ነው» ማለት ብዙ ትንፋሽ አይጨርስም። እኔ ግን ከፍዬ ቀዩን እየገፋሁ ወጣሁ።

ሚስቴ ቀዩን በር ላይ ስታየው፣ «ይሄ የማን ልጅ ነው?» አለችኝ። ቀጥላም ፍርዷን ሰጠች፦ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር ተነሥቼ እስከ እንጦጦ ፓርክ በር እግሬ መሬት ሳይነካ ከወጣሁ ሸኖ እሄዳለሁ፤ ካልቻልኩ ለእህቴ ደውላ ምሳውን የምታስቀረው እሷ ናት።

ነሐሴ ነበር፤ የአስፋልቱ ዳርና ዳር ጭቃ። ዳገቱ እንደተጀመረ ሁለት ሴቶች የስፖርት ልብስ ለብሰው በእግራቸው ደረሱብኝ። አላለፉኝም፤ ቢያልፉኝ ይሻል ነበር። ከጎኔ እየሄዱ የአንዲትን ሙሽራ ጉዳይ ከሽምግልናው ጀምረው እስከ ቅልቅሉ ጨረሱ፤ እኔም አንድም ነገር አላመለጠኝም። ቅልቅሉ ላይ ሲደርሱ ቀጭኑ ጎማ ጭቃውን ነካ። ወደቅሁ ለማለት አልደፍርም፤ ቀስ ብዬ ጋደም አልኩ።

ሴቶቹ ሙሽራዋን ትተው አነሡኝ።

«አባባ፣ የት ሊሄዱ ነው?» አለችኝ አንዷ፣ ከጃኬቴ ላይ ጭቃ እያራገፈች።

«ሸኖ» አልኩ። ከቤተ ዘመድ ውጭ ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር።

እርስ በርሳቸው ተያዩ። «ሸኖ እኮ በዚህ አይደለም» አለችኝ በርኅራኄ።

በማግስቱ ጓደኛዬን ሳልነግረው ቀዩን ይዤ ኮተቤ ተመለስኩ። ሴትዮዋ ፊት ቆሜ ሁሉንም ተናዘዝኩ፦ ሸኖን፣ እህቴን፣ ምሳውን፣ ጭቃውን። እጇን በጨርቅ እየጠረገች አዳመጠችኝ።

«ይሄን ያን ቀን ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?»

«ትስቂብኛለሽ ብዬ ነዋ። በዚህ ዕድሜ።»

አልሳቀችም። ጓሮ ገብታ አረንጓዴዋን አወጣቻት። መሪዋ ላይ «ተሸጧል» የሚል ካርቶን ተንጠልጥሏል።

«ለማን ነው የተሸጠችው?» አልኩ።

«ለእርስዎ ነዋ። አባቴ ሾላ በግ ሻጭ ነበር። ሰው የማይፈልገውን ዕቃ ያን ያህል ሰዓት አይሰድብም።» አሁን ሳቀች። «ሌላ ሰው እንዳይወስዳት ብዬ ነው ያነሣኋት።»

«ታዲያ ቀዩን ለምን ሸጥሽልኝ?»

«የት እንደሚነዱ ሦስት ጊዜ ጠየቅሁዎት። አራተኛ ብጠይቅ ትልቅ ሰው ውሸታም ማለት ይሆንብኛል።»

ቀዩን ተቀብላ አረንጓዴዋን ሰጠችኝ፤ ወፍራም ጎማም አደረገችላት። በሳምንቱ ያንኑ ዳገት በቀላሉ ማርሽ ተያያዝኩት። አንዲት ኤሊ ብትኖር ታዝንልኝ ነበር፤ እግሬ ግን መሬት አልነካም። ሚስቴ በታክሲ ቀድማኝ ፓርኩ በር ላይ ቆማለች። «ወጣህ» አለች፤ የሆነ ነገር እንደወሰድኩባት ሁሉ። ለእህቴ አልደወለችም።

በመስቀል ዋዜማ ገና ሳይነጋጋ ጋቢዬን ከኋላ አስሬ ተነሣሁ። ስንት ሰዓት እንደፈጀብኝ አትጠይቁኝ። ለገጣፎን ሳልፍ የዘፈንኩትን ዘፈን ሰንዳፋን ሳልፍ ማስታወስ አልቻልኩም። ከሰንዳፋ ወዲያ በየዛፉ ጥላ ሥር፣ ሰው ሲመጣ ጎማ እንደሚመረምር ሰው እየሆንኩ አረፍኩ። ሸኖ የደረስኩት ምሳ ለማለትም እራት ለማለትም በሚያስቸግር ሰዓት ነው። በሚኒባስ ከኋላዬ ተነሥታ ቀድማኝ የደረሰችው ሚስቴ እንደነገረችኝ፣ እህቴ ሰው ሁሉ ሲበላ የእኔን ሳህን ከድና አጠገቧ አስቀምጣ አላስነካም ብላለች።

እህቴ ወደ በር ወጣች። እንዴት ዋልክም አላለችኝም። አረንጓዴዋን አንድ ጊዜ ዞረቻት።

«ይቺ ናት?» አለች። «ምኗ ደስ ይላል? በር ነው የምትመስለው።»

«ቀለሟ ነው» አልኩ።

«ከኋላዋ ያለውስ ምንድን ነው?»

«ዕቃ መጫኛ።»

«ጠባብ ነው። ሰው አይችልም።» ደግማ ዞረቻት። «ብረቱም ይቀዘቅዛል» አለች፣ በመዳፏ እየዳበሰችው። «ምንም አትረባም።»

ጋቢዬን ፈትቼ ለአራት አጠፍኩና ዕቃ መጫኛው ላይ አነጠፍኩላት፤ ከዚያ ሁለቱንም ፍሬን ጥብቅ አድርጌ ይዤ፣ እስክትወጣበት ድረስ ወደ ሌላ አቅጣጫ አየሁ።