ያልተበሳው ቤልጅግ

ጋሽ ዘሪሁን ጠመንጃ የሚያገላብጡት ሌላው ሰው ሐብሐብ እንደሚመርጠው ነው። ጋን ሾው፣ የጠመንጃ ገበያው፣ በመጣ ቁጥር ከሰፈራቸው ከኢንተርፕራይዝ የማደርሳቸው እኔ ነኝ፤ ስኳር ዓይናቸውን ካደከመው ወዲህ መንዳት ትተዋል። ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞሩ የሚያነሱት ቤልጅግ የሚባለውን የድሮ ጠመንጃ ብቻ ነው። ዋጋ አይጠይቁም፣ አፈሙዙን አያዩም። ሰደፉን ገልብጠው ሥሩን በጣታቸው ይዳብሱና መልሰው ያስቀምጡታል። ሻጮቹ ይስቃሉ። ምክንያቱን እስክሰማ ድረስ እኔም እስቅ ነበር።

ታላቅ ወንድማቸው ዋለልኝ የአባታቸውን ቤልጅግ ይዞ ከበለሳ ጫካ የገባው እሳቸው ገና ፊደል ሳይቆጥሩ ነው። ሊሄድ ሲል ሚስማር እሳት ውስጥ አጋለና ትንሹን ዘሪሁንን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ እጁን ይዞ ከሰደፉ ሥር ሦስት ነጥብ አስተኮሰው። ሦስተኛዋ ላይ ልጁ ደነገጠ፤ ነጥቧም ወደ ጎን ሸሸች። «በዚህች ታውቀኛለህ» አለው ዋለልኝ። ከዚያ ወዲያ ሰውየውም ጠመንጃውም የት እንደ ደረሱ አልታወቀም። ሞቷል ያለ የለም፣ አለ ያለም የለም፤ ለቅሶ እንኳ አልተቀመጡለትም።

አሮጌው የሀገራችን ጠመንጃ አሜሪካ መጥቶ መሸጥ ሲጀምር ጋሽ ዘሪሁን ተስፋ አደረጉ። ናፍቆት የማያስደርገው ነገር የለም! ሌላው የጠፋ ዘመዱን ከሰው ይጠይቃል፤ እሳቸው ከእንጨት ይጠይቃሉ።

አምና ሰደፉ ላይ «አርያም» የሚል ስም በቢላ የተቀረጸበት ቤልጅግ አገኙ። የወንድማቸው አይደለም። ግን መልሰው ማስቀመጥ አቃታቸውና ገዙት።

«አባት የልጁን ስም ነው የጻፈው» አሉኝ መኪና ውስጥ። «ይቺ ልጅ እንደኔ እየዞረች ብትሆንስ? አደራ ነው፣ ፈድሉ።»

አደራውን ተቀበሉ፤ ችግሩ መተኮስም አማራቸው። ዓይናቸው ደግሞ አፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለችውን ማነጣጠሪያ አያይም። ካዚኖ ውስጥ ካርድ አዳይ ዲለር ነበሩ፤ በካርዱ ላይ ሰባትና ስምንትን መለየት ሲያቅታቸው ዩኒፎርም ክፍል አዛውረዋቸዋል። እዚሁ ተወልዳ ያደገችው ልጃቸው ቢታንያ አዘነችና ለልደታቸው የጠመንጃ መነጽር ገዛችላቸው።

ጠመንጃ ጠጋኝ ጋ ወሰድነው። ሰውየው አየት አደረገና አናቱን በስቶ መነጽሩን በብሎን እንደሚያስር ነገረን። ማቀባበያው ሲነሳ መነጽሩን እንዳይመታ እሱንም ያጎብጠዋል፤ ከፈለግን እንጨቱን ልጎ አዲስ ያስመስለዋል።

«አይበሳም» አሉ ጋሽ ዘሪሁን።

«ዳዲ፣ ትንሽ ሆል ብቻ ነው። ማንም ኖቲስ አያደርገውም» አለች ቢታንያ።

«አርያም ብትመጣ ምን ልበላት? የአባትሽን ጠመንጃ እየበሳሁ ጠበቅኩልሽ ልበላት?»

ግትር ናቸው፤ ከእሳቸው ጋር ከመከራከር ከግድግዳ ጋር ማውራት ይሻላል። ቢታንያ ግን የአባቷ ልጅ ናት፤ ኢንተርኔት ስትፈትሽ ሰንብታ መላ አገኘች። የኋላውን ማነጣጠሪያ የያዘችውን ቀጭን ብረት ገፍቶ ማውጣት፣ በቦታውም ምንም ሳይበሱ መነጽሩን የሚሸከም ብረት በብሎን ጠበቅ አድርጎ ማሰር። መነጽሩ ወደ ፊት ራቅ ብሎ ስለሚቀመጥ ማቀባበያው አይነካውም። ያን የገዛችውንም መልሳ ከዓይን ርቆ በሚታይ ዓይነት ቀየረችው። ጋራዣቸው ውስጥ ሦስት ሆነን አሰርነው። የወጣውን ማነጣጠሪያ ጋሽ ዘሪሁን ዘይት ቀብተው በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለሉት።

እሑድ በረሃው ላይ ካለው መተኮሻ ሄድን። ሰደፉን ትከሻቸው ላይ አስደግፈው ትንፋሻቸውን ዋጡና ምላጩን ሳቡ። ሩቅ የተተከለው የብረት ሰሌዳ ጮኸ። «ዘራፍ!» አሉ፤ ጎረቤት የሚተኩሱት ፈረንጆች ዞር ብለው አዩን። ቢታንያ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ወዲያው ግን የጋሽ ዘሪሁን እንባ መጣ።

«ዋለልኝ ቢያየኝ» አሉ። «አንድ ቀን እንኳ ቢያየኝ።»

የሚቀጥለው ጋን ሾው ላይ ሦስታችንም ነበርን። አንዱ ጠረጴዛ ላይ ቫርኒሹ የሚያብለጨልጭ ቤልጅግ አለ፤ አናቱ ተበስቶ መነጽር ታስሮበታል። ጋሽ ዘሪሁን እንደ ልማዳቸው ገልብጠው ዳበሱት። ምንም የለም። ሻጩ ጠጋ ብሎ፣ እዚያ ሥሩ ጋ የተቃጠሉ ነጠብጣቦች እንደነበሩ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ እንዳጠፋቸው ለቢታንያ በኩራት ነገራት። የአባቷ የካዚኖ እንግሊዝኛ ለዚህ አይደርስምና እሷ ተረጎመችላቸው።

«ስንት ነበሩ በይው።»

ሰውየው ትከሻውን ሰበቀ። አያስታውስም።

«አንደኛዋ ወደ ጎን የሸሸች ነበረች ወይ በይው።»

ሰውየው ፊታቸውን አይቶ ደነገጠ፤ ይቅርታ አለ። ክፉ ሰው አልነበረም፣ የእውነት ነው የረሳው። ጋሽ ዘሪሁን ያንን የለሰለሰ እንጨት እየደጋገሙ ዳበሱት፤ እኔ ማየት አቃተኝና ዞር አልኩ። በኋላ ራሳቸው አስቀመጡትና «እንሂድ» አሉ።

ቤት ስንደርስ ኮፍያቸውን ሳያወልቁ ጋራዥ ገቡ። ካቻቪት አንስተው ከአርያም ጠመንጃ ላይ መነጽሩንና ማሰሪያውን ፈቱ። ታስሮበት የነበረው ብረት ጭረት እንኳ የለበትም። ጨርቁን ፈተው የድሮውን ማነጣጠሪያ ቦታው መለሱ። ከዚያ እንደገና አወጡትና ለቢታንያ ሰጧት።

«አሁን አንቺ መልሺው። እኔ ባልኖር ማወቅ አለብሽ።»

ጊዜ ወሰደባት፤ ግን መለሰችው።

«ዳዲ፣ አርያም ባትመጣስ?»

«ትመጣለች» አሏት። «እኔ ፈልጌ መጥቼ የለ?»